የመዋያ ማዕድ መስፈርት በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ ወላጆች ሥራ ውለው እስኪመለሱ ልጆቻቸውን በዴይኬር ያውላሉ። አቅም ያነሳቸው አዛውንቶችም ቤተሰብ እስኪገባ በአዋቂዎች መዋያ ይቆያሉ። ሁለቱም የቀኑን ምግብ በብዛት የሚበሉት እዚያው ስለሆነ፣ የመዋያው ማዕድ የአገሪቱን ጤና የሚነካ ጉዳይ ነው።

ይህን ማዕድ የሚመራው በግብርና ሚኒስቴሩ ሥር ያለው የሕፃናትና የአዋቂዎች እንክብካቤ የምግብ ፕሮግራም ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በሙከራ ተጀምሮ በ1978 ቋሚ ሆነ፤ በ1987 ደግሞ ዕድሜያቸው 60 የሞላ አዛውንቶችና የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው አዋቂዎች ተካተቱበት። በ2010 በፕሬዚዳንት ኦባማ የተፈረመው ሕግ መስፈርቱ እንዲከለስ አዘዘ፤ አዲሱ መስፈርትም በ2016 ወጥቶ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ቀድሞ ዋናው ስጋት ረሃብ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ የልጆች ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር መብዛትና የሙሉ እህል ማነስ ተጨመሩበት።

አሠራሩ ግልጽ ነው፦ መስፈርቱን ያሟላ ምግብ ከፕሮግራሙ ክፍያ ያገኛል፣ ያላሟላ አያገኝም። ምሳ አምስት ነገሮችን ይይዛል፦ ወተት፣ ሥጋ ወይም ምትኩ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና እህል። መክሰስ ከአምስቱ ሁለቱን ይጠይቃል። በቀን ቢያንስ አንዱ የእህል ምግብ በሙሉ እህል የበለጸገ መሆን አለበት። ጭማቂ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቆጠርም፤ ኬክና ብስኩት እንደ እህል አይታሰቡም፤ በመዋያው ውስጥ በብዙ ዘይት መጥበስም ክልክል ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን የእናት ጡት ወተት ወይም ለሕፃናት የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ይቀድማል፤ እናት መዋያው ድረስ መጥታ ብታጠባም ማዕዱ ይከፈልበታል። መጠኑም በዕድሜ ይለያያል፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የምሳ ሥጋ አንድ ተኩል አውንስ ሲሆን፣ ለአዋቂ ሁለት አውንስ ነው።

ይህ ሁሉ ቤታቸው ውስጥ ልጆች የሚያውሉ ኢትዮጵያውያን እናቶችን በቀጥታ ይመለከታል። የእኛ ምግብ ከመስፈርቱ ጋር አይጣላም። ጤፍ ሙሉ እህል ነው፤ ነጭ የስንዴ ዱቄት ከተቀላቀለበት ግን በሙሉ እህል የበለጸገ ለመባል ቢያንስ ግማሹ ሙሉ እህል፣ የቀረውም በቫይታሚንና በማዕድን የበለጸገ ሊሆን ይገባል። ሩብ ኩባያ የበሰለ ምስር እንደ አንድ አውንስ ሥጋ ይቆጠራል። ምስር እንደ አትክልትም ሊታሰብ ይችላል፤ በአንድ ማዕድ ግን ሁለቱንም ቦታ አይሸፍንም። ስለዚህ እንጀራ፣ የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ብርቱካንና ወተት በመጠናቸው ከቀረቡ የተሟላ ምሳ ናቸው። በጾም ወራት ልጁ ወተት እንዳይጠጣ የሚፈልግ ወላጅም በጽሑፍ ከጠየቀ፣ መዋያው በንጥረ ነገር ከላም ወተት ጋር የሚመጣጠን የአኩሪ አተር ወተት ሊያቀርብ ይችላል።

ድክመቱ ያለው በክፍያው ላይ ነው። ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ በመኖሪያ ቤት የሚሠሩ መዋያዎች በሁለት ደረጃ ተከፍለዋል። በዝቅተኛ ገቢ ሰፈር ያለች ወይም ራሷ ዝቅተኛ ገቢ ያላት የመዋያ ባለቤት ከፍ ያለውን ክፍያ ታገኛለች፤ ሌላዋ ግን ይህን የምታገኘው ገቢያቸው ዝቅተኛ መሆኑ በማስረጃ ለተረጋገጠ ልጆች ብቻ ነው። መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ የወጪው ሸክም እኩል አይደለም። በየዕለቱ የሚሞላው የምግብና የተመጋቢዎች ቁጥር መዝገብም እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራት የመዋያ ባለቤት ቀላል ሥራ አይደለም።

ቢሆንም መስፈርቱ ዝቅተኛው ወለል ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ የምግብ አብሳዩ ድርሻ ነው። ቤቷ ልጆች የምታውል እህት የቤት መዋያዎችን ወደ ፕሮግራሙ የሚያስገባውን በአካባቢዋ ያለ ስፖንሰር ድርጅት ጠይቃ ትመዝገብ፤ የእንጀራዋን የዱቄት ቅልቅል በጽሑፍ ትያዝ። ወላጆችም ልጃቸው ምን እንደተመገበ ይጠይቁ፤ የሳምንቱን የምግብ ዝርዝር ይዩ።