ወገን ይዞ መጻፍ፦ ለልጆቻችን የእንግሊዝኛ ድርሰት ወላጅ ምን ሊረዳ ይችላል?

በመካከላችን ልጁ የእንግሊዝኛ ባግሩት የሚፈተንለት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ፈተና ሲነሣ ሁልጊዜ የምሰማው ንግግር ደግሞ አንድ ነው፦ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ በምን ልርዳው?» በሰዋስዉና በቃላቱ ከሆነ እውነታችሁን ነው። በድርሰቱ ግን ልጁን የሚያስቸግረው እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም፤ ነገር ይዞ መከራከሩም ጭምር ነው። እሱን ደግሞ ከእኛ ወላጆች በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

መጀመሪያ ፈተናው ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ልጆቻችን «ሐሜሽ የሂዶት» የሚሉት ከፍተኛው የእንግሊዝኛ ደረጃ ነው። ከፈተናዎቹ አንዱ ሞዱል ጂ ይባላል። ከ100 ነጥብ 60ው ለንባብ፣ 40ው ለድርሰት ነው። ድርሰቱ ከ120 እስከ 140 ቃል ብቻ ነው፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ዩኒቨርሲቲዎች የባግሩት አማካይ ውጤት ሲያሰሉ 5 የሂዶት እንግሊዝኛ ላለው ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለ4 የሂዶት የሚጨመረው ያነሰ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተጠርታችሁ «ልጃችሁ ከ5 ወደ 4 ቢወርድ ይሻለዋል» ስትባሉ፣ አንገት ደፍታችሁ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የጎደለው የቱ ነው? ንባቡ ነው ወይስ ድርሰቱ? ድርሰቱ ከሆነ በጥቂት ወራት የሚስተካከል ነገር ነው።

የድርሰት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። አንደኛው «ጥቅሙንና ጉዳቱን ጻፍ» ይላል። እዚያ ላይ ሁለቱም ወገን መነገር አለበት። ሁለተኛው «ትስማማለህ ወይስ አትስማማም? አስተያየትህን አስረዳ» ይላል። ይህ የአንድ ወገን ድርሰት ነው። ጸሐፊው አንዱን ወገን መርጦ እስከ መጨረሻው እሱን ብቻ ይዞ አንባቢውን ማሳመን አለበት። ልጆቻችን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከማስተምራቸው አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ «ወጣቶች በትልቁ ዕረፍት ሥራ ቢሠሩ ጥሩ ነው ትያለሽ?» የሚል ጥያቄ ደርሷት ነበር። የጻፈችው እንግሊዝኛ የሚያምር ነው። ሥራ ጥሩ ነው አለች፤ ዕረፍትም ጥሩ ነው አለች፤ መጨረሻ ላይ «ኢት ዲፔንድስ»፣ እንደ ሰዉ ነው ብላ ዘጋችው። «አንቺ ራስሽ በዕረፍት ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «አዎ፣ ሱፐር ውስጥ።» «ወደሽው ነው?» «በጣም።» «ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?» ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሁለቱንም ካልጻፍኩ አድልዎ ይሆናል ብዬ ነው፣ ሞሬ።»

ይህ የቤት አስተዳደግ ነው፤ ክፉ አስተዳደግም አይደለም። አባቴ ቄስ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የአንዱ ከብት የሌላውን ማሳ ሲበላ ወደ እሱ ይመጡ ነበር። ሁለቱን ወገን እኩል ሰምቶ፣ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ይናገራል። እኛ ልጆች አዋቂ ሰው ማለት እንደዚህ ያለ ነው ብለን አደግን፤ ለልጆቻችንም ያንኑ አወረስን። ነገር ግን በዚያው አገር ሌላ ሰውም እንደነበረ አትርሱ፦ ተሟጋቹ። በበልሃ ልበልሃ ሙግት የቆመ ሰው የባላጋራውን ጥቅም ሲያስረዳ አይውልም። የራሱን ነገር ይዞ፣ ምስክሩን ጠርቶ፣ የሌላውን ቃል እየመለሰ ይከራከራል። ለአንድ ወገን ስለተናገረ ብቻ ውሸታም ነው ያለው የለም፤ የሚመዝን ዳኛ አለና። በዚህ ድርሰት ልጁ ተሟጋች ነው፣ ዳኛው ፈታኙ ነው። ልጁ ዳኛም ተሟጋችም ልሁን ካለ 140 ቃል አይበቃውም።

ሌላው የአነጋገር ቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰውዬው ይስማማ አይስማማ የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። ንግግራችንም እንደዚያው ነው። ሰላምታ፣ ታሪክ፣ ምሳሌ ይቀድማል፤ ጉዳዩ ቡናው ሁለተኛ ከደረሰ በኋላ ነው የሚነሣው። ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን መደበቅም ባህላችን ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት አንባቢ ግን ወርቁን በመጀመሪያው አንቀጽ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ገና ሲጀምር «ቲንኤጀርስ ሹድ ወርክ ዱሪንግ ዘ ሰመር ሆሊዴይ»፣ ማለትም ወጣቶች በዕረፍት ሊሠሩ ይገባል፣ ብሎ ቁርጡን ይናገር። ለእኛ ጆሮ ትንሽ ድፍረት ይመስላል። በእንግሊዝኛ ነውር የለውም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ዓረፍተ ነገር 12 ወይም 13 ቃል ቢይዝ፣ ድርሰቱ በሙሉ ከ10 ወይም ከ11 ዓረፍተ ነገር አይዘልም። ሁለት ለመግቢያ፣ ሦስት ለመጀመሪያው ምክንያት፣ ሦስት ለሁለተኛው፣ ሁለት ለተቃዋሚው መልስ፣ አንድ ለመዝጊያ። በቃ፣ አለቀ። ሦስተኛና አራተኛ ምክንያት የሚጨምር ልጅ አንዱንም ሳያስረዳ ያልፋል።

የዚያችኑ ልጅ ጉዳይ እንውሰድ። የመጀመሪያው ምክንያት፣ ሥራ ኃላፊነትን ያስተምራል። ይህ ብቻውን ባዶ ቃል ነው፤ ሁሉም ልጅ ይጽፈዋል። «አለቃዬ እንደ እናቴ ሦስት ጊዜ አይቀሰቅሰኝም፤ ካረፈድኩ ከደመወዜ ይቀነሳል» ስትል ግን ነገሩ ነፍስ ይዘራል። ሁለተኛው ምክንያት፣ የገንዘብን ዋጋ ያስተምራል። የአንድ ጫማ ዋጋ የስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ ቆጥራ ትጻፍ። ተቃዋሚው «ልጆች ዓመቱን ሙሉ ደክመዋል፣ ማረፍ አለባቸው» ይላል። መልሱ ቀላል ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዕረፍት ከጁን 20 እስከ ኦገስት መጨረሻ ነው፤ ከሁለት ወር ይበልጣል። አንድ ወር ቢሠሩ ከአንድ ወር በላይ ይተርፋቸዋል። ሕጉም ቢሆን አይከለክልም። የ1953ቱ የወጣቶች ሥራ ሕግ 14 ዓመት የሞላው ልጅ በትምህርት ዕረፍት ቀላል ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል።

ተቃዋሚውን እንዴት እንዳነሣነው አስተውሉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አነሣነው፣ ወዲያው መለስንለት። «ኦን ዘ አዘር ሃንድ»፣ በሌላ በኩል፣ የምትለውን ሐረግ ልጆች ይወዷታል፤ ቆንጆ እንግሊዝኛ ትመስላቸዋለች። ያች ሐረግ ግን ለጥቅምና ጉዳት ድርሰት የተሠራች ናት። እዚህ ከገባች የሌላው ወገን ጠበቃ እንደመቅጠር ነው። ከእሷ ይልቅ «ሰም ፒፕል ክሌም»፣ አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፣ ብሎ ጀምሮ «ሃውኤቨር»፣ ይሁን እንጂ፣ ብሎ መመለስ ነው።

ከዚህ በተረፈ ሁለት ድካም አያለሁ። አንደኛው አንዱን ምክንያት ልብስ እየቀየሩ ሦስት ጊዜ ማምጣት ነው። «ገንዘብ ያገኛሉ፣ የፈለጉትን ይገዛሉ፣ ወላጅን ብር አይጠይቁም» ሦስት ይመስላል፤ አንድ ነው። ይህን ለመለየት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። ልጁ ምክንያቶቹን በአማርኛ ወይም በዕብራይስጥ ይንገራችሁ፣ እናንተ በጣታችሁ ቁጠሩ። ሁለተኛው ማጋነን ነው። «ሁሉም ወጣት»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ማንም» ብሎ የጻፈ ልጅ አንድ ሰው «የእኔ ልጅ እንዲህ አይደለም» ሲለው ይወድቃል። «ኦል» በሚለው ፋንታ «ሜኒ»፣ ብዙዎች፣ ቢል ክርክሩ ይጠነክራል እንጂ አይላላም። ወገን መያዝ መዋሸት አይደለምና ይህን ለልጁ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

እንግዲህ የወላጅ ሥራ። ዓርብ ማታ በሰንበት ማዕድ ላይ መጻፍ አይፈቀድም፤ መከራከርን ግን ማን ከለከለ? አንድ ጥያቄ አንሡ። «ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው መንጃ ፈቃድ ይስጡት?» «ትምህርት በ8 ሰዓት ከሚጀመር በ9 ሰዓት ቢጀመር?» ልጁ አንዱን ወገን ይምረጥ፣ እናንተ ሌላውን ያዙ። ሁለት ምክንያት ከነምሳሌው ሳይነግራችሁ እንዳትለቁት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወገን ቀይሩ፤ የማያምንበትን ወገን ይዞ መሟገት ልጁን የበለጠ ያጠነክረዋል። አያት ካሉ ዳኛ ይሁኑ። አንድ ቤት እንዲህ ሲያደርጉ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የልጅ ልጃቸው «አባባ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ከብት ይጠብቁ አልነበር? ታዲያ እኔ ብሠራ ምን አለበት?» ብትላቸው ሽማግሌው ስቀው «ይችስ ረታችኝ» አሉ። ልጅቷ ከአክብሮት ሳትወጣ ተከራከረች።

ይህን የምለው አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ነው። ልጁ በቤት አስተያየት በሰጠ ቁጥር «አፍህን ያዝ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ነገር አትመላለስ» እየተባለ አድጎ፣ በፈተና ቀን «አስተያየትህን ጻፍ» ሲባል ከየት ያመጣዋል? አክብሮት ይኑር፤ እኔም የቄስ ልጅ ነኝ፣ ሳላከብር አላደግሁም። ነገር ግን «እርስዎ» እያለ የሚቃወም ልጅ ባለጌ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ አራሚው እስክርቢቶ ልንገራችሁ። ልጁ ጽፎ ሲጨርስ አምስት ደቂቃ ያትርፍ። የእኛ ልጆች በዕብራይስጥ አስበው በእንግሊዝኛ ስለሚጽፉ «ኢዝ» እና «አር» ይጠፋባቸዋል፤ ዕብራይስጥ ለአሁን ጊዜ ይህ ቃል የለውምና። «ሃአቮዳ ቶቫ» ብሎ ያሰበ ልጅ «ወርክ ጉድ» ብሎ ይጽፋል። አማርኛ ግን አለው፦ «ሥራ ጥሩ ነው»። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ በአማርኛ እንዲነግራችሁ አድርጉ። እናንተ «ነው» ወይም «ናቸው» ስትሰሙ አስቁሙትና «እዚህ ጋ በእንግሊዝኛው ጽፈኸዋል?» በሉት።