ካራቫካ፡- ቅርሷን ብታጣም በዓሏን ያላጣች የስፔን ከተማ

በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ በሙርሲያ ክልል ሰሜን ምዕራባዊ ክፍል የምትገኘው ካራቫካ ዴ ላ ክሩዝ 25 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ያሏት አነስተኛ ከተማ ናት። ስሟ “የመስቀሉ ካራቫካ” ማለት ሲሆን፣ ለዘመናት ስትታወቅ የኖረችውም ክርስቶስ ከተሰቀለበት መስቀል የተከፈለ ግማድ ይገኝባታል በሚለው እምነት ነው። ይሁን እንጂ ጥንታዊው ግማደ መስቀል ዛሬ በከተማዋ የለም። እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. ተሰርቆ እስካሁን አልተገኘም። ከተማዋ ዋነኛ ቅርሷን ካጣች በኋላ በዓሏንና የመንፈሳዊ ተጓዦች መዳረሻነቷን ጠብቃ መቆየቷ ስለ ቅርስ ምንነትና አጠባበቅ ብዙ የሚያስገነዝበው ነገር አለ።

በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት፣ በ1230ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋን ይዞ የነበረው ሙስሊም ገዥ አቡ ዘይድ እስረኞቹን ስለ ሙያቸው ይጠይቃል። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቄስ ሂኔስ ፔሬዝ ቺሪኖስ ሥራው መቀደስ መሆኑን ይገልጻል። ገዥው ሥርዓቱን ለማየት ፈልጎ አስፈላጊው ንዋየ ቅድሳት እንዲቀርብ ያዛል። ቄሱ ግን መስቀል አለመኖሩን ሲመለከት ቅዳሴውን ያቋርጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት መላእክት ባለ ሁለት አግዳሚ መስቀል ይዘው በመስኮት እንደገቡና ገዥውም እንደተጠመቀ ይተረካል። አቡ ዘይድ የቫሌንሺያ የመጨረሻው የአልሞሃድ ገዥ እንደነበረና በኋላም ክርስትናን እንደተቀበለ ታሪክ ያረጋግጣል፤ የመስቀሉ አመጣጥ ግን ከትውፊት ወሰን አያልፍም።

እ.ኤ.አ. በ1243 ዓ.ም. ሙርሲያ በካስቲሊያ ዘውድ ሥር ከገባች በኋላ፣ ካራቫካ ከግራናዳ እስላማዊ መንግሥት ጋር የምትዋሰን የጠረፍ ምሽግ ሆነች። በኮረብታዋ አናት ላይ ያለው ምሽግ በመጀመሪያ በቴምፕላር፣ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደግሞ በሳንቲያጎ የፈረሰኛ መነኮሳት ማኅበር ይጠበቅ ነበር። ግራናዳ እ.ኤ.አ. በ1492 ዓ.ም. ስትያዝ የጠረፉ ሥጋት ተወገደ፤ ከተማዋም ከምሽጉ ግርጌ ሰፋች። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኤል ሳልቫዶር ቤተ ክርስቲያን ታነፀ። እ.ኤ.አ. በ1576 ዓ.ም. ቅድስት ቴሬዛ ዘአቪላ ያቋቋመችው የሴቶች ገዳም ተከፈተ፤ ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወንዶች ገዳም መሠረተ። በምሽጉ ውስጥ የሚገኘው የመስቀሉ ቤተ መቅደስ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1617 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1703 ዓ.ም. ተጠናቅቋል።

የከተማዋ ዓመታዊ በዓል በፈረንጆች ግንቦት ወር መጀመሪያ የሚከበር ሲሆን፣ ነዋሪዎች የሙሮችና የክርስቲያኖች ሠራዊትን ልብስ ለብሰው በየጎዳናው ይሰለፋሉ። በግንቦት 2 የሚካሄደው “የወይን ጠጅ ፈረሶች” የተሰኘው ትርኢት ደግሞ የበዓሉ ልዩ መታወቂያ ነው። በትውፊቱ እንደሚነገረው፣ ምሽጉ በሙሮች ተከቦ የጉድጓዱ ውኃ በተበከለ ጊዜ ውኃ ፍለጋ የወጡት ፈረሰኞች ያገኙት ወይን ጠጅ ብቻ ነበር። እነርሱም ወይኑን በአቁማዳ በፈረሶቻቸው ጭነው ከበባውን ሰብረው ገቡ፤ በመስቀሉ የተባረከው ወይንም ሕሙማንን ፈወሰ።

ይህን ለማስታወስ በሐርና በወርቅ ክር በተጠለፈ ልብስ ያጌጡ ፈረሶች እያንዳንዳቸው በአራት ሯጮች ታጅበው ወደ ምሽጉ የሚያወጣውን ቀጥ ያለ ዳገት ይወጣሉ። የውድድሩ ርቀት 80 ሜትር ያህል ነው። ከአራቱ ሯጮች አንዱ እንኳ እጁን ከፈረሱ ከለቀቀ ሩጫው አይቆጠርም። የፈረሶቹ ልብስ ዝግጅት ብዙ ወራትን የሚወስድ በመሆኑ፣ ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ይገኛል። በማግስቱ ግንቦት 3 መስቀሉ በሰልፍ ወርዶ በውኃ ውስጥ ይጠለቃል። የመስኖ እርሻ ለአካባቢው ሕይወት መሠረት በመሆኑ፣ ይህ ሥርዓት ለገበሬው የተለየ ትርጉም አለው።

ግማደ መስቀሉ የጠፋው በስፔን ሁለተኛው ሪፐብሊክ ዘመን፣ በየካቲት ወር 1934 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ነው። በማን እንደተወሰደ በእርግጠኝነት አልታወቀም። በ1940ዎቹ የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ምትክ የሚሆኑ ሁለት ጥቃቅን ስንጣሪዎች ሰጡ። የዛሬው ሥርዓት የሚፈጸመው በእነዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ቫቲካን ከተማዋ በየሰባት ዓመቱ ዘላለማዊ ቅዱስ ዓመት እንድታከብር የፈቀደች ሲሆን፣ በዚሁ መሠረት በ2003፣ በ2010፣ በ2017 እና በ2024 ዓ.ም. ተከብሯል።

ግንቦት 3 ቀን የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። በጥንቱ የሮማ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዕለቱ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችበት መታሰቢያ ነበር። በኢትዮጵያም ይኸው መታሰቢያ መስከረም 17 ቀን በመስቀል በዓል ይከበራል፤ ግማደ መስቀሉ በግሸን ደብረ ከርቤ እንደሚገኝም ይታመናል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የመስቀል በዓልን እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም.፣ የካራቫካን የወይን ጠጅ ፈረሶች ደግሞ በ2020 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል።

በካራቫካ የተመዘገበው ንዋየ ቅድሳቱ ወይም ሕንፃው ሳይሆን የጠላፊው ሙያ፣ የሯጮቹ ኅብረትና የፈረስ እንክብካቤው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የተሰረቀው ግማድ የጥበቃ ጉድለት በአንድ ሌሊት ምን ሊያሳጣ እንደሚችል ያሳያል፤ ምትክ ቢገኝም የጠፋው ራሱ አልተመለሰም። በዓሉ የቀጠለው ግን ሕዝቡ በየዓመቱ በእጁ ስለሚሠራው፣ ለልጆቹም ስለሚያስተምረው ነው። በዚህም የተነሣ ከተማዋ ቀጣዩን ቅዱስ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2031 ዓ.ም. ትጠብቃለች።