የእድሩ ማኅደር በማን እጅ ይሁን?

በድሬዳዋ ከተማ ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ፥ ምንም እንኳ በበጋ አሸዋው ብቻ ተዘርግቶ ሰውና ከብት የሚመላለስበት ቢሆን፥ በደጋው የዘነበው ዝናብ በድንገት ሲወርድበት ምን እንደሚያደርግ የ1998 ዓ.ም. የክረምት ሌሊት አሳይቷል፤ በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፥ በሺሕ የሚቈጠሩትም ቤት ንብረታቸውን አጡ። በነፍስ ጥፋት ፊት የወረቀት ጥፋት ኢምንት ነው፤ ዳሩ ግን ሙታንን የሚቀብረውና ሐዘንተኛን የሚያጽናናው እድር፥ አፎቻ የሚሉትም አሉ፥ ሥራውን የሚያከናውነው በመዝገብ ስለ ሆነ፥ ያ መዝገብ በአንድ ጸሐፊ ቤት በአንድ ሣጥን ብቻ መቀመጡ በወንዝ ዳር ለሚኖር ማኅበር የሚያሰጋ ነገር ነው።

ስለዚህ መዝገቡን ወደ ጎግል ድራይቭ ማዛወር መልካም ነው፤ በጅዳ ወይም በዋሽንግተን የሚኖረው የደቻቱ ልጅም የላከው መዋጮ መመዝገቡን ወዲያው ለማየት ይችላል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ሥራ ለማቃለል ሲል ፎልደሩን ሊንኩ ላለው ሁሉ ክፍት አድርጎ በቴሌግራም ግሩፕ ቢለቅቀው፥ ሊንኩ ሲላላክ አባል ካልሆነ ሰው ዘንድ ቢደርስ የሚከለክለው የለም፤ ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈለው፥ በሕመሙ ምክንያት ርዳታ የለመነው፥ ሁሉም በስሙ ይታያል። የሰውን ችግር እንዲህ በአደባባይ ማስጣት ማኅበሩ የተመሠረተበትን ፍቅር ያቈስላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ጤናን ለሚመለከት መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በብዙ አጥቢያ ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈተው ቁልፍ የያዙት ሁሉ በአንድነት ሲገኙ ነው፤ የተቈጠረውን ግን ምእመናን ሁሉ ይሰማሉ። በፎልደርም ማየት አንድ ሥልጣን፥ አስተያየት መስጠት ሌላ፥ መጻፍና መሰረዝ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጀሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሊቃውንት፥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም ከሚበቃው ፈቃድ በላይ አይሰጠው ብለው የጻፉት ሥርዓት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። በዚህ ሥርዓት ቃለ ጉባኤውን አባላት ሁሉ ያንብቡት፤ የመዋጮውን ሰንጠረዥ ገንዘብ ያዡ ይጻፍበት፥ ተቈጣጣሪው ይመልከተው፤ የሕሙማን ርዳታ ማመልከቻ ከሥራ አስፈጻሚው ውጭ ለማንም አይታይ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በዚህ ላይ ነው፦ በተለምዶ ለላይኛው ፎልደር የተሰጠ ፈቃድ በውስጡ ላሉት ሁሉ ይወርዳል። «እድር» የሚለውን ፎልደር ለአባላት ሁሉ የከፈተ ሰው፥ በውስጡ ያስቀመጠውን «ርዳታ» የሚለውንም ሳያስበው ከፍቶታል፤ ስለዚህ ምስጢር የሆነው ማኅደር ከመጀመሪያው ለብቻው ይቀመጥ። ፈቃዱም በየሰው ስም ከሚሰጥ ይልቅ ለሥራ አስፈጻሚው በተከፈተ የጎግል ግሩፕ አድራሻ ቢሰጥ ይሻላል፤ ምርጫ በተደረገ ጊዜ የተሰናበተውን ከግሩፑ ማውጣትና የተተካውን ማስገባት ብቻ ይበቃልና። ያለዚያ ከኮሚቴው ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው ዛሬም መዝገብ መሰረዝ የሚችል ሆኖ ይኖራል፤ ሰውየው ክፉ ባይሆን እንኳ ስልኩ ሊሰረቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ፎልደሩ የተከፈተው በጸሐፊው የግል ጂሜል ከሆነ ባለቤቱ እሱ እንጂ እድሩ አይደለም፤ ጎግልም ሁለት ዓመት ያልተሠራበትን የግል አካውንት ከነሰነዱ ሊያጠፋ እንደሚችል አስታውቋል። በግል አካውንት ባለቤትነት የሚተላለፈው ተቀባዩ እሺ ብሎ ሲቀበል ነው፤ የፎልደሩ ባለቤትነት ቢተላለፍም በውስጡ ያሉት ሰነዶች በፊተኛው ባለቤት ስም ይቀራሉ። ስለዚህ ጸሐፊው ማኅተሙንና ደብተሩን በሚያስረክብበት ጉባኤ፥ ተተኪው በአጠገቡ ተቀምጦ እያንዳንዱ ሰነድ በየተራ ይተላለፍ፥ ይህም በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ።