ስክሪን ሲገዛ ፊደሉ ይፍረድ

በሞኒተር ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተሙት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፤ ኢንቹና ኸርዙ። ሻሸመኔ ላይ ቀን የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ሊሠራበት፣ ማታ ጌም ሊጫወትበት አንድ ስክሪን የሚገዛ ሰው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ከመረጠ ገንዘቡን ለማይጠቅመው ነገር ሊያወጣ ይችላል። ወሳኙ ካርቶኑ ላይ በደቃቁ የሚጻፈው፣ አንዳንዴም ጭራሹን የማይጻፈው የፒክስል መጠን ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሻሸመኔ በሁለት ፊደል የምትጽፍ ከተማ ናት፤ ጠዋት ማመልከቻ በቁቤ የተየበ ጸሐፊ ከሰዓት በኋላ የኪራይ ውል በግዕዝ ፊደል ይተይባል። ሁለቱ ፊደሎች ደግሞ ከስክሪን የሚጠይቁት እኩል አይደለም።

የቁቤ ሆሄ በአብዛኛው ከጥቂት ቀጥ ያሉና ክብ መስመሮች የተሠራ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው በአካሉ ላይ በምትቀጠል ትንሽ ምልክት ነው። «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው ከቀኝ እግር ግርጌ ያለው ነው፤ አንዱ ጋ አጭር ሰረዝ፣ ሌላው ጋ ትንሽ ቀለበት። ቀለበት ቀለበት መስሎ እንዲታይ መሃሉ ባዶ መሆን አለበት፤ ለግራው መስመር አንድ፣ ለክፍተቱ አንድ፣ ለቀኙ መስመር አንድ፣ በትንሹ ሦስት ፒክስል በአግድም፣ ሦስትም በቁመት ይፈልጋል። ዊንዶውስ ማጉያው 100 በመቶ ላይ ሲሆን በ12 ነጥብ ለተጻፈ ጽሑፍ የሚመድበው ጠቅላላ ቁመት 16 ፒክስል ነው። ከላይና ከታች የሚተወው ክፍተት ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በመጣው ኒያላ በተባለው ፎንት ደግሞ መስመሩ አንድ ቦታ ቀጥኖ ሌላ ቦታ ስለሚወፍር ቀለበቷ በቀላሉ በግራጫ ትሞላለች። ያኔ «ባሌ» «ባሊ» ሊመስል ይችላል። ጸሐፊው ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፈዋል፤ የሰው ስም ግን በግምት አይነበብም፣ ውል ወይም ውክልና ላይ የተሳሳተ አንድ ሆሄ ባለጉዳዩን ያመላልሳል።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። ጤናማ ዓይን አንዷን ዲግሪ ለ60 ከፍሎ የሚያገኛትን ያህል ጥቃቅን ነገር መለየት ይችላል። ጸሐፊ ከስክሪኑ በሚርቅበት 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ይህ 0.17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 24 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን የአንዱ ፒክስል ስፋት 0.28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይን ከሚለየው በላይ ስለሆነ የፊደሉ ጠርዝ ተቆራርጦ ይታያል። ይኸው 1920 በ1080 በ27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ፒክስሉ 0.31 ይሆናል። ብዙ ሰው «ትልቅ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ የሚገዛው ይህንኑ ነው፤ ለጽሕፈት ግን የባሰ ነው። በ27 ኢንች 2560 በ1440 ወደ 0.23 ይወርዳል፣ ፎርኬ የሚባለው 3840 በ2160 ደግሞ 0.16 ይደርሳል። በዚህ በመጨረሻው ላይ ማጉያውን 175 በመቶ ቢያደርጉት ፊደሉ በ24ቱ ኢንች ላይ ከነበረው መጠን ብዙም ሳይለወጥ በ16 ፈንታ 28 ፒክስል ያገኛል። ቀለበቷም ትከፈታለች።

ይኸው ስሌት ጌም ቤት ውስጥ ተቃራኒ ፍርድ ይሰጣል። ተጫዋቾች ከ43 ኢንች ቴሌቪዥን ሁለት ሜትር ርቀው ከተቀመጡ ዓይናቸው የሚለየው ትንሹ ነገር 0.58 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቴሌቪዥኑ ፒክስል በ1080 እንኳ 0.50 ብቻ ስለሆነ አይታይም። እዚያ ለፎርኬ የሚወጣው ተጨማሪ ብር ዓይን ጋ አይደርስም።

«ለጌም ዋናው ኸርዙ ነው» የሚለው ክርክር በደንብ መታየት ያለበት ነው። 60 ኸርዝ ስክሪን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ፣ 144 ኸርዝ በየ6.9 ሚሊሰከንዱ አዲስ ምስል ያሳያል፤ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ ማውስ ሲንቀሳቀስና ገጽ ሲወርድ ጸሐፊም ያስተውለዋል። ነገር ግን ስክሪኑ የሚያሳየው የተሰጠውን ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ከ60 በላይ አይልክም፤ ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ይሄዳል፣ እሱም የሚፈቅዱ ጌሞች ላይ ብቻ ነው። ጥቅሙም እየቀነሰ ይሄዳል፦ ከ60 ወደ 100 ኸርዝ ሲወጣ 6.7 ሚሊሰከንድ ይተርፋል፣ ከ144 ወደ 240 ሲወጣ ግን 2.8 ብቻ። ጆይስቲኩ ተጭኖ ኳሷ እስክትመታ ያለውን መዘግየት ብዙ ጊዜ የሚያባብሰው ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር የሚያደርገው ሥራ ነው፤ «ጌም ሞድ» የሚለውን ማብራት ያለ ምንም ወጪ ያሳጥረዋል።

የነጩን ድምቀት ከጥቁሩ ጋር ለሚያነጻጽረው፣ ኮንትራስት ለሚባለው ቁጥርም ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፤ ቢያንስ በሩን ለመንገዱ ከፍቶ ለሚሠራ ሱቅ። ስክሪኑ ላይ 1000 ሉክስ የቀን ብርሃን ቢያርፍና ከዚያ 2 በመቶው ተበትኖ ቢመለስ፣ ጥቁሩ ላይ 6 ኒት ያህል ብርሃን ይጨመርበታል። የስክሪኑ ነጭ 250 ኒት ከሆነ፣ 1000 ለ1 ተብሎ የተሸጠው ወደ 39 ለ1፣ 3000 ለ1 የተባለው ወደ 40 ለ1 ይወርዳል። ሁለቱ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ነጩ 350 ኒት ቢሆን ግን ያው 1000 ለ1 ስክሪን 53 ለ1 ይደርሳል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቦታ ድምቀትና የማያንጸባርቅ ገጽ ይቀድማሉ። ከሁሉም የሚረዳው ግን ስክሪኑን ከበሩ ማዞር ነው።

«ፊደሉ ካነሰ ማጉላት ነው እንጂ ውድ ስክሪን ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ግማሽ እውነት አለው። ማጉላት ቀለበቷን ይከፍታል፤ ነገር ግን ሙሉ የነበረው ገጽ ግማሹ ብቻ ይታያል፣ ጸሐፊው ቀኑን ሙሉ ገጽ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። «ፎርኬ ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል» የሚለው ለጌም ልክ ነው፣ ለጽሕፈት አይደለም። ጌሙንም በ1080 ማጫወት ይቻላል፤ 2160 የ1080 እጥፍ ስለሆነ አንዱ ፒክስል በአራት እኩል ይዘረጋል። 1440 ላይ ግን አንዱ ፒክስል በአንድ ከሢሶ ስለሚከፋፈል ምስሉ ይደበዝዛል፤ በፕሌይስቴሽን 4 ለሚጫወት ሰው ይህ ቁም ነገር ነው። ኦሌድ የሚባሉት ለጌም እጅግ ያምራሉ፤ ሆኖም ቀለማቸው የተደረደረበት መንገድ በአንዳንዶቹ ላይ ለፊደሉ ባለቀለም ጠርዝ ይሰጠዋል፣ ቀኑን ሙሉ የማይነቃነቅ የወርድ ሜኑም ከጊዜ ብዛት ጠባሳ ሊተውባቸው ይችላል።

በጀቱ ለፎርኬ ለማይበቃ ሰው 24 ኢንች፣ 1080፣ 100 ኸርዝ ስክሪን ሁለቱንም ሥራ በአግባቡ ይሠራል፤ 27 ኢንች ሆኖ 1080 የሆነውን ለጽሕፈት ባይገዛው ይሻላል። ፎርኬ የሚገዛ ደግሞ አስቀድሞ የኮምፒውተሩን መውጫ ይይ፦ ኤችዲኤምአይ 1.4 ብቻ ያለው አሮጌ ማሽን ፎርኬን በ30 ኸርዝ ነው የሚልከው፣ ማውሱም እየተጎተተ ይሄዳል። ከጎኑ ዲስፕሌይፖርት 1.2 ካለ ገመዱን እዚያ መሰካት 60 ኸርዝ ያስገኛል።