የቱኒዚያ አንቀጾችና ያልተሰየሙት ዳኞች

እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የቱኒዚያ ሕገ መንግሥት ገና በአንደኛው አንቀጹ የአገሪቱ ሃይማኖት እስልምና፣ ቋንቋዋም ዐረብኛ እንደሆነ ይደነግጋል። ሃይማኖቱ የመንግሥቱ ነው ወይስ የሕዝቡ? አንቀጹ ይህን አይለይም። ሸሪዓ የሕግ ምንጭ ነው የሚል ቃልም የለበትም። እንዲህ ተድበስብሶ ለግማሽ ክፍለ ዘመን የቆየው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሬዚዳንት ቤን አሊ በሕዝባዊ አብዮት ተገፍተው አገር ጥለው ሲሸሹ አደባባይ ወጣ።

እስከዚያ ድረስ ጥያቄውን የሚመልሰው ቤተ መንግሥት ነበር። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በኋላም ፕሬዚዳንት፣ ሐቢብ ቡርጊባ ቱኒዚያ ነጻ በወጣች በአምስት ወር ውስጥ፣ ነሐሴ 1956፣ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚከለክል፣ ፍቺንም ከባል አፍ አውጥቶ ለፍርድ ቤት የሰጠ የቤተሰብ ሕግ በድንጋጌ አወጡ። ሃይማኖቱን ጥሼ ሳይሆን በዘመኑ ዐይን ተርጉሜ ነው ሲሉም ተከራከሩ። ሕዝቡን ግን የጠየቀው አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ የሴቶች መብት ተሟጋቾችን እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነው፤ በአንድ ሰው ፈቃድ የተገኘ መብት በድምፅ ብልጫ ሊወሰድ ይችላልና።

የቤን አሊ መንግሥት አግዶት የነበረው እስላማዊው ፓርቲ ኤናህዳ በጥቅምት 2011 በተካሄደው የሕገ መንግሥት አርቃቂ ሸንጎ ምርጫ ከ217 መቀመጫዎች 89ኙን ወሰደ። መሪው ራሺድ ጋኑሺ ለንደን ውስጥ ለረጅም ዓመታት በስደት ኖረው የተመለሱት በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነበር። ፓርቲው ከሁለት ዓለማዊ ፓርቲዎች ጋር ተጣምሮ መንግሥት መሠረተ።

በመጋቢት 2012 ሸሪዓ በሕገ መንግሥቱ ይግባ የሚሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰልፈኞች ሸንጎው ደጃፍ ተሰበሰቡ። በፓርቲው ውስጥም ይህን የሚሹ ነበሩ። ሆኖም ኤናህዳ በቀናት ውስጥ ጥያቄውን እንደማይገፋበትና የ1959ኙ አንደኛ አንቀጽ እንደሚበቃው አስታወቀ። ጋኑሺ ሁሉንም የሚያስማማ አንቀጽ እያለ ሕዝብ የሚከፋፍል ነገር አያስፈልግም ባይ ነበሩ። ስሌቱም ቀላል ነበር፤ ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ 89 ሰው የትም አያደርስም። እምነት ነው ስሌት የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ ሁለቱም ቢሆኑ ግን የሚያስገርም የለውም።

ቀሪው መንገድ በደም ተነከረ። በየካቲት 2013 ሹክሪ በልዒድ፣ በሐምሌ ሞሐመድ ብራህሚ፣ ሁለቱም የግራ ዘመም ፖለቲከኞች፣ በጥይት ተገደሉ። ብራህሚ የወደቁት በግብፅ ጦሩ እስላማዊውን ፕሬዚዳንት ሙርሲን ካወረደ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ የካይሮ ዕጣ ለኤናህዳ ሰዎች ሩቅ አልነበረም። የሠራተኞች ማኅበሩ፣ የአሠሪዎች ማኅበሩ፣ የሰብአዊ መብት ሊጉና የጠበቆች ማኅበሩ እሳትና ጭድ የሆኑትን ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ ኤናህዳም ሥልጣኑን ለገለልተኛ ካቢኔ ለቀቀ። አራቱ ማኅበራት በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ።

ጥር 26 ቀን 2014 ሕገ መንግሥቱ በ200 ድምፅ ድጋፍ ጸደቀ፤ የተቃወሙት 12 ብቻ ነበሩ። አንደኛው አንቀጽ ሳይነካ ቀረ፤ ጎኑ ላይ መንግሥቱ በዜግነትና በሕግ የበላይነት የቆመ ሲቪል መንግሥት ነው የሚል ሁለተኛ አንቀጽ ተጨመረ። ስድስተኛው አንቀጽ ደግሞ መንግሥትን የሃይማኖት ጠባቂ ያደርጋል፣ የኅሊና ነጻነትን ያረጋግጣል፣ የተቀደሱ ነገሮች እንዲጠበቁ ያዛል፣ ሰውን ከሃዲ ብሎ መፈረጅን ይከለክላል። የመጨረሻው ክልከላ የገባው በሰዓታት ግርግር ውስጥ ሲሆን፣ ሰበቡም አንድ ተመራጭ የእስልምና ጠላት ተብለው ከተወነጀሉ በኋላ የግድያ ዛቻ ስለደረሰባቸው ነው።

ታዲያ የኅሊና ነጻነትና የቅዱሳት ጥበቃ ሲጋጩ ማን ይፍረድ? መልሱ ተጽፎ ነበር። አሥራ ሁለት አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ይቋቋማል፤ አራቱን ፓርላማው፣ አራቱን ፕሬዚዳንቱ፣ አራቱን የዳኞች ምክር ቤት ይሰይማሉ። እያንዳንዱ የፓርላማው ዕጩ 145 ድምፅ ማግኘት ነበረበት። አንዱ ወገን የሌላውን ሰው ስለሚፈራ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የተመረጠው አንድ ዳኛ ብቻ ነው። የቱኒዚያ ትልቁ ስህተት፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ የአንቀጾቹ ድብስብስነት አይደለም፤ ተርጓሚያቸውን ሳይሰይሙ መቆየት ነው።

ጉድለቱ በውርስ ጉዳይ ታየ። በቱኒዚያ ሕግ ሴት ልጅ የምትወርሰው የወንድሟን ግማሽ ነው፤ ይህን ቡርጊባም አልቀየሩትም። ፕሬዚዳንት ቤጂ ቃይድ ኤሰብሲ በ2018 እኩል ውርስን መነሻ የሚያደርግ፣ የሸሪዓውን ድርሻ የሚፈልግ ግን አስቀድሞ እንዲናዘዝ የሚፈቅድ ረቂቅ አቀረቡ። ኤሰብሲ ሕገ መንግሥቱን ጠቀሱ፤ ኤናህዳም ረቂቁ ከቁርአን ብቻ ሳይሆን ከሕገ መንግሥቱም ይጋጫል አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ቢያሳልፈውም ኤሰብሲ በሐምሌ 2019 አረፉ፤ ረቂቁም መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ተተኪያቸው ካይስ ሰዒድ የሕገ መንግሥት ሕግ መምህር የነበሩ ናቸው፤ የእስላማዊ ፓርቲ ሰው ግን አይደሉም። ሆኖም በውርስ ላይ የቁርአኑ ቃል ግልጽ ነው ብለው ከኤናህዳ ጋር አንድ ሆኑ። የኤናህዳ መሪዎችን በኋላ ያሰረውም የእሳቸው መንግሥት ነው፤ ጋኑሺ በሚያዝያ 2023 ተያዙ። ሰዒድ ሐምሌ 25 ቀን 2021 ፓርላማውን ሲያግዱ የጠቀሱት ለአደጋ ጊዜ ልዩ ሥልጣን የሚሰጠውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 80 ነበር። በአንቀጹ መሠረት ከ30 ቀን በኋላ ሁኔታውን የሚመረምረው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግን አልነበረም።

በ2022 ከመራጩ ሲሶ እንኳ ባልወጣበት ሕዝበ ውሳኔ አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። አሮጌው አንደኛ አንቀጽ ወጥቶ፣ ቱኒዚያ የእስላማዊው ኡማ (የሙስሊሞች ማኅበረሰብ) አካል እንደሆነችና የእስልምናን ዓላማዎች ማስፈጸም የመንግሥት ብቻ ሥራ እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ 5 ገባ። ገና በረቂቅነቱ ትችት ሲበረታበት በዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ውስጥ የሚል ሐረግ ተቀጥሎበት ነበር። አዲሱ ሰነድ ስለ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም ይናገራል፤ አባላቱ ዘጠኝ፣ ሁሉም ዳኞች፣ ሹመታቸውም በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ ነው።