የቼዝ መክፈቻን እንዴት እንምረጥ? ከሰንጠረዥ ወረራ የሚገኝ ትምህርት

ቼዝ መጫወት ከጀመሩ ሁለት ሦስት ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች አዘውትረው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለእኔ ጠባይ የሚስማማው መክፈቻ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው ጀማሪ አይደለም። ሕጉን ያውቃል፤ ፈረሱን በከንቱ አያስበላም፤ ሁለትና ሦስት እርምጃ አርቆ ያስባል። ይሁን እንጂ ያጠናው መክፈቻ በአሥረኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ሲያልቅ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ይገባዋል። ሲሸነፍም ጥፋቱን በመክፈቻው ላይ ጥሎ ሌላ መሸምደድ ይጀምራል። እንዲህ እያለ የትምህርት ዘመኑ ያልቃል። ትርፍ ጊዜው ውስን ለሆነ ተማሪ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ምርጫው በምን ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ ማሳየት ነው።

ሽምደዳ የማይወጣው ተራራ

በመጀመሪያ የነገሩን ስፋት በቁጥር እንመልከት። ነጩ ተጫዋች ጨዋታውን ለመጀመር 20 አማራጮች አሉት፤ 16ቱ የወታደሮች፣ 4ቱ የፈረሶች እርምጃ ናቸው። ጥቁሩም እንዲሁ 20 ስላሉት፣ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ 400 የተለያዩ አጀማመሮች ይገኛሉ። ነጩ አንድ ጊዜ ሲጨምር ቁጥሩ 8,902፣ ጥቁሩ ሲመልስ ደግሞ 197,281 ይደርሳል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጥናት ሊኖሩ የሚችሉትን ጨዋታዎች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮዎች በሚጻፉበት ቁጥር ገምቶታል። ስለዚህ መክፈቻን በሽምደዳ ብቻ ለመቆጣጠር መሞከር ባሕርን በጭልፋ እንደ መቅዳት ነው።

ታዲያ ታላላቅ ተጫዋቾች የሚያውቁት ምንድን ነው? ዊልያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አድሪያን ደ ግሮት የጀመረውን ጥናት በመከተል እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ሙከራ አቀረቡ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ ብቻ ሲታይ፣ ሊቁ ተጫዋች ከጀማሪው እጅግ የበለጡ ጠጠሮችን በየቤታቸው መልሶ ማስቀመጥ ቻለ። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ተበታትነው ሲቀርቡ ግን በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት እጅግ ጠበበ። ከዚህ የምንረዳው የሊቁ ብልጫ በጠቅላላ የማስታወስ ችሎታ ሳይሆን በተለመዱ አሰላለፎች እውቀት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው። በመሆኑም መክፈቻ መምረጥ ማለት ደጋግመን የምናያቸውን አሰላለፎች መምረጥ ማለት ነው።

አባቶቻችን ወረራ ያሉት

ይህን አስተሳሰብ በአገራችን በቀደመው ሰንጠረዥ ውስጥ በግልጽ እናገኘዋለን። የጨዋታው ታሪክና ሕግ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር በነበሩት በፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1971 በተቋሙ መጽሔት ታትሟል። ከጉለሌ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወርዶ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ አንባቢ የጥናቱ መገኛ ሩቅ እንዳልሆነ ይገነዘባል። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን የመጡት እንግሊዛውያን ሄንሪ ሶልትና ዋልተር ፕላውደንም ጨዋታው በመኳንንት ዘንድ የተወደደ እንደነበረ ጽፈዋል።

የሰንጠረዥ ጠጠሮች ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። በዛሬው ቼዝ በንግሥቲቱ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። በጳጳሱ ቦታ ያለው ፊል በሰያፍ ዘልሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። መደቅም ከመነሻው ሁለት ቤት መራመድ አይፈቀድለትም። ጠጠሮቹ እንዲህ ዝግተኞች ስለሆኑ ሁለቱ ሠራዊቶች እስኪገናኙ ብዙ እርምጃ ይጠይቃል።

ለዚህ የተበጀው መላ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነት፣ ጠጠሮቹን ያሰልፋል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። ብልህ ተጫዋች ታዲያ አንድ ዓይኑን ከተቃራኒው እጅ ላይ አያነሣም። ተቃራኒው ደሩን ወደ ግራ ሲያዞር እርሱም ያሰበውን ይለውጣል። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ሊቃውንት አል-አድሊና አስ-ሱሊም በሻጥራንጅ ጨዋታ «ታቢያ» የተባሉ የታወቁ አሰላለፎችን መዝግበው ነበር። በሁለቱም ወግ መክፈቻ ማለት የእርምጃዎች ዝርዝር ሳይሆን የጦር አሰላለፍ ነበር።

ጠባይን በመዝገብ ማወቅ

እንግዲህ ለጠባያችን የሚስማማውን አሰላለፍ ከመምረጣችን በፊት ጠባያችንን ማወቅ ይገባናል። ብዙ ወጣቶች «እኔ አጥቂ ነኝ» ይላሉ፤ ነገር ግን የምንወደውና የምናሸንፍበት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የሳይንስ ተማሪ ግምቱን በመረጃ ሊፈትን ይገባዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመጨረሻዎቹን 20 ጨዋታዎች በደብተር መዝግቡ። በእያንዳንዱ ጎን ጨዋታው ያጋደለበትን ቦታና ምክንያቱን ጻፉ፤ ድንገተኛ ምት ነው፣ የዕቅድ ማጣት ነው፣ የሰዓት እጥረት ነው ወይስ የመጨረሻው ፍልሚያ? ከዚህ በኋላ የሚከተሉትን ማመዛዘን ይቻላል።

ድሎቻችሁ የሚመጡት ጠጠሮችን ፈጥኖ በማውጣትና በድንገተኛ ምት ከሆነ፣ በነጭ የጣሊያን ጨዋታ ይስማማችኋል። በዚህ መክፈቻ የነጩ ጳጳስ የሚያነጣጥረው በመነሻው በጥቁሩ ንጉሥ ብቻ በሚጠበቀው ወታደር ላይ ነው። በዝግታ መጫንና ጥቂት ብልጫን ማሳደግ የሚሳካላችሁ ከሆነ ደግሞ የንግሥት ጋምቢት የተሻለ ነው። ስሙ ጋምቢት ቢሆንም የቀረበው ወታደር አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይገኛል።

ነጩ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ሲያራምድ፣ ጥቁሩ ከንግሥቲቱ ወገን ባለው ጳጳስ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ቢገፋ ሲሲሊያን፣ አንድ ቤት ቢገፋ ግን ካሮ-ካን ይሆናል። ወታደሩ አንድ ነው፤ ጠባዩ ግን ለየቅል ነው። ሲሲሊያን ሚዛኑን ገና ከመጀመሪያው አዛብቶ መልሶ ማጥቃትን ይፈልጋል፤ ብዙ ጥናትም ይጠይቃል። ካሮ-ካን መሐሉን በጽኑ ይይዛል፤ የንግሥቲቱ ወገን ጳጳስም ብዙ ጊዜ በሩ ሳይዘጋበት ይወጣል። በፈረንሳይ መከላከያ ግን ይኸው ጳጳስ ከገዛ ወታደሮቹ ጀርባ ታስሮ ስለሚቆይ፣ ጠባብ ቦታን ለማይታገሥ ሰው አይመከርም።

የጥናት ጊዜ ለሌለው ተማሪ የለንደን ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ይመከራል፤ ምክንያቱም ነጩ በአብዛኛው አንድ ዓይነት አሰላለፍ ይዞ ይቀርባል። ከወረራ ጋር ይመሳሰላል ማለትም ይቻላል። አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው። የተቃራኒውን እጅ ሳያይ ጠጠሮቹን በልማድ የሚደረድር ሰው ወረራን ያልተረዳ ሰው ነው።

ጠባይ እስራት አይሁን

የመረጥነው መክፈቻ ለዘለዓለም ሊያስረን አይገባም። ቦቢ ፊሸር የንጉሥን ወታደር በማራመድ መጀመርን እንደ መለያው አድርጎ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በሬይክያቪክ ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር ባደረገው የዓለም ሻምፒዮና ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ወደ ንግሥት ጋምቢት ገብቶ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2000 በለንደን ደግሞ ቭላዲሚር ክራምኒክ በጥቁር የበርሊን መከላከያን መረጠ። በዚህ መክፈቻ በታወቀው መሥመር ንግሥቶቹ ገና በስምንተኛው እርምጃ ከሰሌዳው ይወጣሉ። በማጥቃቱ የታወቀው ጋሪ ካስፓሮቭ በዚያ ግጥሚያ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ 8.5 ለ6.5 ተረታ። ክራምኒክ የራሱን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የተቃራኒውንም መዝኖ ነበር።

ስለዚህ ለመካከለኛ ተጫዋች ሦስት መክፈቻዎች ይበቃሉ፤ አንድ ለነጭ፣ አንድ ለንጉሥ ወታደር መልስ፣ አንድ ለንግሥት ወታደር መልስ። እነዚህን ቢያንስ ለአንድ የትምህርት ዘመን ሳትለውጡ ተጫወቱ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላም «ስንተኛውን እርምጃ ረሳሁ?» ከማለት ይልቅ «ወታደሮቼ እንዲህ ቆመው ሳለ ዕቅዴ ምን መሆን ነበረበት?» ብላችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻም፣ ዛሬ የሰንጠረዥ ተጫዋቾች እምብዛም አይገኙም። ሕጉ ግን ተጽፎ ስላለ በተራ የቼዝ ሰሌዳ ላይ ሊሞከር ይችላል። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 የጠጠሮችን መነሻ በ960 መንገድ የሚያፈራርቅ ጨዋታ ያቀረበው የመክፈቻ ሽምደዳን ለማስቀረት ነበር። ሰንጠረዥ ደግሞ ተራን በማስቀረት ተጫዋቹ ከመጀመሪያው እንዲያስብ ያስገድደዋል። ከጓደኛችሁ ጋር አንድ ወረራ ብትጫወቱ የአባቶቻችሁን ጨዋታ ከመርሳት ታድናላችሁ፤ የተቃራኒያችሁን እጅ ማየትንም ትማራላችሁ።