ጤናም ከሐጅ ስንቅ ነው

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዛሬው ዝግጅታችን የሐጅና የዑምራ ተጓዦችን በብዛት ስለሚያጠቁ ሕመሞችና ስለመከላከያቸው እንነጋገራለን።

ሐጅ ግዴታ የሆነው አቅም ላለው ሙስሊም ነው። አቅም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ገንዘብን ነው፤ ዑለሞች ግን የአካል ጤንነትንም ከአቅም ይቆጥሩታል። አንዳንድ አረጋውያን እናቶችና አባቶች «እዚያው መካ ብሞት እድለኛ ነኝ» እያሉ ሕመማቸውን ከሐኪም ይደብቃሉ። በኢሕራም ላይ ሳለ አጀሉ የደረሰ ሰው ምንዳው ትልቅ ነው። ሆኖም የአላህን ውሳኔ መቀበልና ራስን ለአደጋ ማጋለጥ የተለያዩ ናቸው። ነፍሳችን አማና ናትና።

አንደኛው አደጋ ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ወቅት በመስጂደል ሐራም ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ የጤና ሚኒስትር አስታውቀዋል። ከመቶ 83ቱ ያለ ሐጅ ፈቃድ የገቡና ያለ መጠለያ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ። በሳዑዲ በሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ፈቃድ ማውጣት ሕግ ማክበር ብቻ ሳይሆን ሕይወትን መጠበቅም ነው።

ውሃ እስኪጠማን ሳንጠብቅ ደጋግመን እንጠጣ። በኢሕራም ያለ ወንድ ኮፍያና ጥምጣም አያደርግም እንጂ ጃንጥላ መያዝ ይፈቀድለታል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ጠጠር በወረወሩበት ቀን ባልደረባቸው በጨርቅ ከፀሐይ እንደጋረዷቸው ተዘግቧል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲጀምረን ጥላ ፈልገን እንረፍ። ሰውነቱ ግሎ የሚቀባዥር ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካየን ሐኪም በአስቸኳይ እንጥራ። እስኪደርስም ልብሱን አላልተን፣ ውሃ እያርከፈከፍን እናራግብለት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ውሃ በአፉ አይሰጥም።

ሁለተኛው በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። አገራችን የማጅራት ገትር በሽታ በሚበዛበት የአፍሪካ ክፍል ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ከሐጅ ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ ከተከሰተ በኋላ አራት ዓይነት የማጅራት ገትር ተህዋስያንን የሚከላከል ክትባት በሐጃጆች ላይ ግዴታ ሆኗል። መከተብም ከመግባታችን ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሳይከተቡ የምስክር ወረቀቱን ብቻ ማውጣት ራስንም ጎረቤትንም መበደል ነው። በሰው መጨናነቅ መካከል ጭንብል ማድረግ ይጠቅማል። ጥሬ የግመል ወተት የለመድን ደግሞ እንጠንቀቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳዑዲ የታወቀው መርስ የተባለው የመተንፈሻ በሽታ ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል። ከተመለስን በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳትና ሳል ከያዘን ከየት እንደመጣን ለሐኪም እንንገር።

ሦስተኛው ተቅማጥ ነው። እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ በደንብ የበሰለና ትኩስ ምግብ እንብላ። ተቅማጥ ከያዘን ከፋርማሲ የሚገኘውን ኦ.አር.ኤስ. በንጹሕ ውሃ በጥብጠን እንጠጣ። ደም ከታየበት ወይም ትኩሳት ካለው ሕክምና እንሂድ።

የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ለሙሉ ጉዞው የሚበቃ አድርገው በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ኢንሱሊን ከሙቀት ይጠበቅ። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ቢቃጠል ላይሰማው ይችላልና በጋለ መሬት ላይ በባዶ እግሩ አይሂድ። ፀጉር ስንላጭም ምላጩ አዲስ መሆኑን በዓይናችን እንይ፤ የጉበት ቫይረስ በተጋሩት ምላጭ ይተላለፋል።

በመጨረሻም፣ ሸሪዓው ለታመመ ሰው የሰጠውን ማቅለያ መጠቀም ዒባዳን አያጎድልም። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ እንስሳ ላይ ተቀምጠው ጠዋፍ እንዲያደርጉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረዋቸዋል። ዛሬም ተሽከርካሪ ወንበር አለ፤ ጠጠር መወርወር ያቃተውም ሰው ሊወክል ይችላል። አላህ የሰጠንን ማቅለያ «አልፈልግም» ማለት ጀግንነት አይደለም።

አላህ ሐጃችሁን መብሩር ያድርግላችሁ፤ በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ለመመለስ ያብቃችሁ። አሚን! ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።